ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትስቀው

ጉለሌ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ሳቢትዬ፣

ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ከሰላምታ ከጀመርኩ ወሬው ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ካላንደር ላይ ወጥቻለሁ!

ቀልድ አይደለም። እኔ የዓለምወርቅ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ማህበር ጸሐፊ፣ አርባ አንድ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ፣ በመጪው ዓመት ካላንደር ላይ ከነጥርሴ ታትሜያለሁ። ከበታቼ ወሮቹ ተደርድረዋል፤ ጳጉሜ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች።

ያሳተመውን መሥሪያ ቤት ስም አልጽፍልሽም። ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል ይባላል፤ ለከፋቹም ከዚሁ ሰላም ብያለሁ። ትናንት ጠዋት ሾፌራቸው አንድ ጥቅል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ብዘረጋው፣ እኔው! ያ ሽማግሌ ሸማኔያችን አቶ ስብሐት ከኋላዬ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣

“እቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው እንዲህ የምትገለፍጠው?” አሉ።

“ምነው አቶ ስብሐት?”

“ነጠላዋን አዘቅዝቃለቻ! ጥለቱን አንገቷ ላይ አውጥታ፣ ሐዘንተኛ ናት። ሐዘንተኛ ሆና እንዲህ ከሳቀች መቼም ውርስ ደርሷት ነው።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሆኔን አንድም ሰው አላወቀም! ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሰውነቴም እንደምታውቂው እጥፍ ሆኗል። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ይገርምሻል አይደል?

ከፎቶው በላይ በትልቁ “በአዲሱ ሕይወት የምትፍለቀለቅ የጉለሌ ሴት” ይላል። ሳቢትዬ፣ እኔ የተፍለቀለቅኩት በ54 የጥቅምት መድኃኔዓለም ዕለት ነው። አዲሱ ሕይወት ያኔ የት ነበር? ይህን ለማንም ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ያን ቀን ሳስበው ዛሬም ልቤ ይሞቃል። አቶ ወልዱ ወደ ታቦቱ ሲሄዱ ፎቶ ቤቱን ላንቺ ትተውልሽ፣ “ወለሉን ጥረጊ፣ ደንበኛ ከመጣ ከሰዓት ይመለስ በይ፣ ካሜራውን እንዳትነኪ” ብለው። እኔ ደግሞ የእናቴን አዲስ ነጠላ ሳታውቅ ከሳጥን ሰርቄ፣ የቀጨኔን ቁልቁለት ተንደርድሬ ደረስኩልሽ። “ከደረት በላይ ነው የሚወጣው” አልሽኝ። ከደረት በላይ ከሆነ ያ የመሰለ ጥለት የት ሊታይ ነው? ለእሱ ብዬ አይደል የሰረቅኩት! ገለበጥኩትና ጥለቱን ወደ ላይ፣ እስከ ትከሻዬ ሳብኩት። ሁለታችንም የሐዘን አለባበስ መሆኑ ትዝ አላለንም። በዚያ ዕድሜ ማን ሐዘን ያስባል?

ከዚያ አንቺ ጥቁሩ ጨርቅ ስር ገብተሽ፣ በአቶ ወልዱ ድምፅ፣ ከነሳላቸው፣ “አትተንፍሺ! አገጭ ወደ ቀኝ! እህ... እህ...” ስትዪ፣ የካሜራው ክዳን ገና አልተነሳም። “ክዳኑ!” ስልሽ ጨርቁን ተከናንበሽ ወጣሽ፣ ጥላ ወጊ መሰልሽኝ፣ በሳቅ ፈነዳሁ። አነሳሽኝ። ያቺን ነው ያነሳሻት።

የሆነውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። አቶ ወልዱ ተቆጥተው ተቆጥተው ሲያበቁ ፎቶውን በመንገድ በኩል ባለው መስታወት ውስጥ ሰቀሉት። በሳምንቱ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ አየችኝ። “በቁሜ አለቀስሽልኝ! እኔ እዚህ ቆሜ ነጠላ አዘቀዘቀችልኝ!” እያለች ሰፈሩን አስወጣችው። ፎቶው ደጃችንን እንዳይረግጥ ተባለ፤ እስከ ዛሬም አልረገጠም። ለዚህ ነው ካላንደሩን እንኳ ያላሳየኋት፣ ማህበሩ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ባለፈው የጻፍሽልኝን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። “የሙያ ማስረጃ ካላመጣሽ የፎቶ ቤት ፈቃድ አንሰጥም” ብለው መለሱሽ። ከአቶ ወልዱ ዘንድ አሥር ዓመት ሠርተሽ አንዲት ወረቀት ሳይሰጡሽ አረፉ። ይኸው እንግዲህ ማስረጃሽ! አገር ሁሉ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ነው! ብቻ አንድ ነገር አለ። ከፎቶው ስር በደቂቅ ፊደል “ፎቶ፦ ቦጋለ” ይላል። ቦጋለን አታውቂውም። ያ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ የአቶ ወልዱ ቤት ለቀበሌ ከሆነና እሳቸውም ካረፉ በኋላ የተከራየው ነው፤ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል። ሄጄ ላናግረው? ስሙ ተነስቶ ያንቺ እንዲገባ?

እናቴን ጠይቀሻል። ደህና ናት። በመሠረተ ትምህርት ስሟን መጻፍ ተምራ፣ አሁን ጣት ማስነከር ብሎ ነገር የለም፤ የስኳር ራሽን ስትወስድ እንኳ “እስክሪብቶ አምጡ” ትላለች።

ሰላምታው ይኸው፦ ናፍቀሽኛል። ባልሽን ጉታንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

የዓለምወርቅ


አርባ ምንጭ፣ መስከረም 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዓለምዬ፣

እንኳን አደረሰሽ። ካላንደሩ እዚህም ደርሷል፤ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል። ጉታ ነው ያየው። ቤት መጥቶ “ጓደኛሽ ቴምብር ትሸጣለች” አለኝ። ሄጄ አየሁሽ። ቴምብር የምገዛ አስመስዬ ሁለቴ ተሰለፍኩ።

የጠየቅሽኝን በአጭሩ ልመልስ። አይሆንም፣ ቦጋለ ዘንድ አትሂጂ።

አትቆጪ። ለአቶ ወልዱ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ። ፎቶሽ መስታወት ውስጥ ከገባ በኋላ ደንበኛ እየገባ “አቶ ወልዱ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እንደዚያች ሳቂታ አድርገው ያንሱኝ” ይላቸው ነበር። እሳቸው ዝም ይላሉ። እኔም የፊልም ጉድፍ በእርሳስ እያጠፋሁ አቀርቅሬ ዝም እላለሁ። አንድ ማታ ሱቁን ስንዘጋ “ሳቢት፣ የልጅ እጅ ነው ቢባል ደንበኛ ይሸሻል፤ ይህ በመካከላችን ይቅር” አሉኝ። “እሺ” አልኩ። በማግስቱ ካሜራውን አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ሁሉ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን በሞቱ በስንተኛው ዓመት ተነስቼ “የተመሰገኑበት የኔ ነበር” ብል ምን እባላለሁ? ሰው ሌባ ነበሩ ይላቸዋል። አልነበሩም። ለፈቃዴ ብዬ የሰውዬውን አጥንት አልቀሰቅስም።

እናትሽን እማማ ወለተማርያምን እጅ ነሺልኝ። እኔ ላይ እንደ ተቆጡ ይሆናሉ፤ ያኔ ቤታችሁ መምጣት ያቆምኩት ፈርቻቸው ነው።

ስለ ፈቃዱ ሌላ ነገር የለም። እጽፍልሻለሁ።

ሳቢት


ጉለሌ፣ መስከረም 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሳቢትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ቦጋለ ዘንድ ሄጄ ነበር።

ይህን ጽፌ ሻይ አፍልቼ ተመለስኩ። ውሸት ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኝ፣ አንብቤው፣ አጥፌ ቦርሳዬ ከትቼው ነው የሄድኩት። አሁን ስደቢኝ፤ ከጨረስሽ ቀጥዪ።

ምን ላድርግ፣ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ አላልፍ አለኝ። ያ ሰማያዊ በር አረንጓዴ ተቀብቷል። መጋረጃው ግን ያው ነው ሳቢትዬ! ያ ፏፏቴና ዋንዛ የተሣለበት መጋረጃ፣ ዋንዛው ሥር አንቺ ቡና የደፋሽበት ሳይቀር። መስታወቱ ውስጥ የኔ ፎቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል። ቦጋለ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ጠልቼው ልገባ ነበር፣ አላመቸኝም።

“መታወቂያ ነው?” አለኝ።

“መታወቂያማ አለኝ። የመጣሁት ስለ ካላንደሩ ነው። እኔ ነኝ።”

አየኝ። ወደ መብራቱ አዞረኝና አየኝ። “በመድኃኔዓለም!” ብሎ ሳቀ። “ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንቺ ጋር ሱቅ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬ!”

“እንግዲያው ያነሳችኝ ሳቢት ናት፤ ስሟ ይግባ።”

ሳቁ ቆመ። “እህቴ፣ ቤቱን ቀበሌው ከነኮተቱ ነው ያስረከበኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ደስ የሚል ፎቶ አለህ ወይ ሲሉኝ ሰጠሁ፤ ስሜን የጻፉት እነሱ ናቸው። ያነሱት ደግሞ ሟቹ ወልዱ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሳቢት የምትዪያትን አላውቃትም። ኔጋቲቩ በእጄ ነው። በምን ታስረጃለሽ?”

“እኔው ነበርኩ! እኔ አየኋት!”

“ጓደኛሽ ናት። ጓደኛ ለጓደኛ እንዴት ይመሰክራል?”

ይኸው ነው። አላበደም፣ አልሰደበኝም፤ የማያውቀውን አላውቅም አለኝ። እኔም ተናድጄ ቀጥ ብዬ የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሄድኩና ክስ ጻፍኩ፤ መጻፍስ ሥራዬ አይደል? ሊቀመንበሩ ጓድ ዋቅጋሪ አነበበው። እንደ ሌሎቹ አይጮህም። “ፎቶው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ዓይን ያለው ያያል። ጥያቄው ማን አነሳ ነው” አለ። “ኔጋቲቩን የያዘ ሰው ይዞ ይቅረብ፤ ከሳሽም ከራሷ ቃል ሌላ ማስረጃ ታምጣ” ብሎ ለጥቅምት 27 ቀጠረን። የጥቅምት መድኃኔዓለም! እኔ አልመረጥኩም፣ ቅዳሜ ሸንጎ የሚቀመጥበት ቀን ሆኖ ነው።

ስለ አቶ ወልዱ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩት እሱን ነው። ሰውዬውን እኔም እወዳቸው ነበር፤ በሄድኩ ቁጥር ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ይሰጡኝ እንደነበር ረስተሻል? ግን ሳቢትዬ፣ አንድ ሰው ተከብሮ እንዲኖር ሌላው የለም መባል አለበት? አንቺ ዘንድ ያለው እውነት ምን ይሁን?

ክሱን አንሺው ብለሽ ከጻፍሽልኝ አነሳዋለሁ። ካልሆነ ግን አንቺና አንቺ ብቻ የምታውቂው አንድ ነገር ፈልጊልኝ። ደግሞ ስለ ፈቃዱ “ሌላ ነገር የለም” ያልሽውን አላመንኩሽም። አንቺ ነገር ስትደብቂ ደብዳቤሽ ያጥራል።

የዓለምወርቅ


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዓለምዬ፣

ሰደብኩሽ። ጉታ በተራው እኔን ሰደበኝና ጸጥ አልኩ። “አገሩን ሁሉ እሷ እየዞረችልሽ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ትኮፈሻለሽ” አለ።

ደብቄሻለሁ፣ ልክ ነሽ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ቀን እስከ ኅዳር ማለቂያ ነው። ከወላይታ የመጣ አንድ ሰው ማስረጃውን ይዞ ያንኑ እኔ የጠየቅኩትን የገበያ ጥግ ጠይቋል። ከኅዳር ካለፈ ቦታው የእሱ ነው። ካሜራ ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በየቀኑ አወጣና እወለውለዋለሁ፤ ልጆቼ “እማዬ ካሜራዋን አጥባ አስተኛቻት” ይላሉ።

አሁን የጠየቅሽኝን። አለ። አንድ ነገር አለ።

ያን ዕለት አንቺን ከሸኘሁ በኋላ ፊልሙን አጠብኩት። ሲደርቅ ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ነው ነጠላው የታየኝ። እናትሽ ታሰቡኝ። ኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ የነካሽው ቦታ ሲታተም ይነጣል፤ ጉድፍና ሽፍታ የምናጠፋው በዚያ ነው። ጥለቱን በሙሉ በእርሳስ ሸፍኜ ነጭ ነጠላ ብቻ ላስመስለው አሰብኩ። ከግራ ትከሻሽ ጀመርኩ። ሦስት ጣት ያህል እንደሄድኩ አቶ ወልዱ ገቡና እጄን ያዙ። ስለዚህ ካላንደሩ ላይ ጥለትሽ ግራ ትከሻሽ ጋ ሲደርስ ብን ብሎ ይጠፋል። ሰው እጥፋት ይመስለዋል። እጥፋት አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። አቶ ወልዱ በእርሳስ ሲሠሩ ክብ ክብ ነበር የሚያደርጉት፤ ሁሉም ፎቶ አንሺ እንዲያ ነው። እኔ ግን እናቴ የቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ እያየሁ ያደግኩ ነኝ። እጄ ሌላ አያውቅም፤ ነጥብ የሚያህሉ መስቀሎችን ነው የምደረድረው። ስንቴ ተቆጡኝ፤ አልለቀቀኝም። ኔጋቲቩን ወደ መስኮት አዘንብለው ቢያዩት መስቀሎቹ ይታያሉ። በአጉሊ መነጽር ቢሆን የተሻለ ነው።

ይህንኑ ለየብቻው ጽፌ በታሸገ ፖስታ አድርጌዋለሁ። ባልተፈለገ ፊልም ላይ በእጄ የሠራሁትን ናሙናም አብሬ ከትቻለሁ። ቦጋለ ኔጋቲቩን ሳያወጣ እንዳይከፈት። የአውቶቡሱ ሾፌር ዓለሜ የጉታ ጓደኛ ነው፤ በእጁ ያስረክብሻል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አቶ ወልዱ በክፉ እንዳይነሱ። የሚነሱ ከሆነ ፖስታውን አትክፈቺው፤ ፈቃዱም ይቅር።

ሳቢት


ጉለሌ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሳቢትዬ፣ ሳቢትዬ፣ ሳቢትዬ፣

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌን አትይ። ውጤቱን መጀመሪያ ልንገርሽ ወይስ እንደ ሆነው ልሂድ? እንደ ሆነው ልሂድ። ትንሽ ታገሺኝ፣ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ከርሜያለሁ።

ሸንጎው ከሰዓት በኋላ ተቀመጠ። ለእናቴ አንድም ቃል አልነገርኳት፤ “የማህበር ስብሰባ አለብኝ” ብዬ ወጣሁ። ቦጋለ ኔጋቲቩን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ መጣ፣ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ። ጓድ ዋቅጋሪ ፖስታሽን ተቀብሎ ማሸጊያውን ለሁሉም አሳየና ጮክ ብሎ አነበበው። “ሦስት ጣት” ሲል ቦጋለ ኔጋቲቩን አነሳ። “መስቀል መስቀል” ሲል ወደ መስኮቱ ሄደ። ጓድ ዋቅጋሪ መነጽሩን አውልቆ እንደ አጉሊ ያዘለት።

“ታየህ?”

“አዎ” አለ ቦጋለ። “ሻጋታ ነበር የሚመስለኝ። አምና በጥጥ ልጠርገው አስቤ ጊዜ አጣሁ።”

አስቢው! አንዲት ጥጥ! ናሙናሽን አጠገቡ አደረጉት፤ አንድ እጅ ነው። የሸንጎው አባላት ተራ በተራ አዩት፤ እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያኔ ቦጋለ ቀስ ብሎ፣

“እውነቱን ልናገር ከተባለ እርሳሱ የእሷ ነው። በዚያ ቤት መሥራቷን አምናለሁ። ግን እርሳስ የነካ ሁሉ አንስቷል ማለት አይደለም። ረዳት ጌታዋ ያነሳውን ታሰማምራለች፤ ሥራዋ ነው” አለ።

ሳቢትዬ፣ ልክ ነው። አንቺም እኔም ይህን አላሰብነውም። ጓድ ዋቅጋሪ አንገቱን ነቀነቀ፤ እስክሪብቶውን አነሳ።

በዚህ ጊዜ በሩ ጋ “ወንበር የለም እንዴ እዚህ ቤት?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ! ታቦቱን ሸኝታ ቀጥታ፣ ከነጃንጥላዋ! ለካ አቶ ስብሐት ቤተ ክርስቲያን አግኝተዋት “ልጅሽ በፎቶ ተካሳ ሸንጎ ቆማለች” ብለዋት ኖሯል። እሳቸውስ ከየት ሰሙ አትበዪኝ፤ ምናልባት እኔው ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

አልተቆጣችኝም። ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ አየችው። ቀረብ ብላ አየችው። “አሁንም አልተስተካከለም ነጠላው” አለች።

ጓድ ዋቅጋሪ “እናቴ፣ ስለዚህ ፎቶ የሚያውቁት አለ?” አላት።

“እንዴት አላውቅም! ከቤቴ ያባረርኩት እኔ ነኝ።”

ሸንጎው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ጃንጥላዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠችና ትናገር ጀመር። እንደ ተናገረችው ልጽፍልሽ፣ የማህበር ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ከርሜ ሰው የተናገረውን አልረሳም፦

“በዚያ ሰሞን ወልዱ እቤቴ ድረስ ለእርቅ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ደጅ ቆመ። እኔም ‘አንተ ሽማግሌ፣ ወጉን የምታውቅ ሰው፣ ልጄን በቁሜ ሐዘን አልብሰህ ታነሳታለህ?’ አልኩት። ‘እመቤት ወለተማርያም’ አለኝ፣ ‘እኔ አላነሳኋትም። ታቦት ልሸኝ ሄጄ ነበር። ያነሳቻት ያቺ የኔዋ ልጅ ሳቢት ናት።’ ‘እንግዲያው ለምን መስታወት ውስጥ ሰቀልከው?’ አልኩት። ‘እኔ ብኖር ኖሮ ነጠላውን አስተካክዬ፣ አገጯን አዙሬ፣ አትተንፍሺ ብዬ ነበር የማነሳት፤ ሳቁ ግን አይገኝም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳነሳ አንድ እንዲህ ያለ የለኝም። ልጅቷ ከኔ ትበልጣለች። ለሰው ይህን አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው፤ ላንቺ ግን ስላሳዘንኩሽ እውነቱን ነገርኩሽ’ አለኝ።”

ሳቢትዬ፣ እኔ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ሃያ አንድ ዓመት! “እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት እዚያው ሸንጎ መሀል።

“መቼ ጠየቅሽኝ? የዚያ ፎቶ ስም በቤቴ እንዳይነሳ ያልኩት እኔ፣ ራሴ ላንሳው?” አለች።

መጀመሪያ የተነሳው ቦጋለ ነው። ኔጋቲቩን ከነመሐረቡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና “በኔ በኩል የምከራከረው የለም” አለ። ጓድ ዋቅጋሪ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “መሬት ለአራሹ ካልን ፎቶም ለአንሺው ነው” ብሎ ፈረደ! እናቴ ቃሏ ተጽፎ ሲቀርብላት የቀለሙን ሳጥን ወዲያ ገፋችና “እስክሪብቶ” አለች። ወ-ለ-ተ-ማ-ር-ያ-ም። ጥርት አድርጋ ጻፈችው። ሰው እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።

ውሳኔው ከነማኅተሙ ከዚህ ጋር አለ፤ “ፎቶግራፉን ያነሳችው ሳቢት መሆኗ፣ አሠሪዋም ሙያዋን በሕይወት ሳሉ የመሰከሩላት መሆኑ ተረጋግጧል” ይላል። ቦጋለም ለመሥሪያ ቤቱ ስሙ እንዲታረም ጽፏል፤ ለሚቀጥለው እትም ተስፋ ሰጥተውታል። ኔጋቲቩን ዓለሜ ያመጣልሻል። ሩጪና አስገቢው፣ ኅዳር እንዳያልቅብሽ!

አየሽ? አቶ ወልዱ በክፉ አልተነሱም።

የዓለምወርቅ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዓለምዬ፣

ደብዳቤዬ የዘገየው ስላላወቅኩበት ነው። ሦስቴ ጀምሬ ቀደድኩ።

እናትሽ የተናገሩትን ያን ቦታ ራሴ ማንበብ አቅቶኝ ጉታ አነበበልኝ። “ድገመው” አልኩት። ደገመው። ከዚያ ወጥቼ የግቢውን በር ይዤ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያሉት አፍረውብኝ ይመስለኝ ነበር።

ፈቃዱን ኅዳር 24 ቀን ሰጡኝ። ጸሐፊው ውሳኔውን አንብቦ “ነጠላ ያዘቀዘቀችዋ ሴትዮ ደህና ናት?” አለኝ፤ ፖስታ ቤት እሱም ያይሻል። የፎቶ ቤቱ ስም ማን ይባል ሲለኝ አላሰብኩበትም ነበር፣ አፌ ግን ቀደመኝ። “ፎቶ ወልዱ” አልኩት። በሰማያዊ ቀለም ጉታ ጽፎታል።

መስቀሎቹን ከኔጋቲቩ ላይ አላጠፋኋቸውም። በትልቁ አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እንዳለ አተምኩት፣ ከነጥለቱ፣ ከነጎደለው ሦስት ጣት። የዚህ ቤት የመጀመሪያ ሥራ ነው። እናትሽ ግን እንዴት ያዩታል? የትስ ትሰቅይዋለሽ? እሱን ሳትጽፊልኝ እንቅልፍ የለኝም።

ሳቢት


ጉለሌ፣ ጥር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሳቢትዬ፣

እንቅልፍሽን ተኚ፣ ልንገርሽ።

ፎቶሽ የገና ዕለት ደረሰ። እኔ ከነጥቅልሉ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ደፍሬ ይዤው ልግባ እንዴ? እናቴ ከውስጥ “ምንድነው እንደ እንግዳ የሚያስቆምሽ?” አለች። “ያ ፎቶ ነው እማዬ። ሳቢት ናት የላከችው።”

“ይግባ” አለች በመጨረሻ።

ፈታነው። ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው፣ ጎጂ ነገር ይኖርበት እንደሆነ በጣቷ ዳበሰችው። “ልጅ ነበርሽ” አለች። ደግሞ ቆይታ፣ “የኔ ነጠላ ነው፤ ምን የመሰለ ነበር” አለች። የሰረቅኩት መሆኑን ግን አልረሳችም፤ ያንንም አነሳችብኝ። እንደገና ሃያ ዓመቴ ላይ ቆሜ ተቆጣችኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ምስማርና መዶሻ አምጥቼ ከቅዱሱ ሥዕል ጎን ግድግዳው ላይ ልመታ ስል እጄን ያዘችኝ።

“እዚያ አይደለም። እኔ ገና አለሁ” አለች። “ከበሩ ጀርባ ስቀይው። በሩን ስትዘጊ ትስቂያለሽ፣ ስትከፍቺው ሰው አያይሽም። እኔ ያለፍኩ ዕለት ወደዚህ ታዛውሪዋለሽ። ያን ቀን ነጠላሽ ልክ ይሆናል።”

“ሳቁስ እማዬ?”

አሰበችበት። “ሳቁን እንዳታስተካክዪው” አለች።

አሁን ከበሩ ጀርባ ነው። ይህን ስጽፍ በሩ ዝግ ነው።

የዓለምወርቅ